ሠላሳ አንድ ነጥብ እሳት

ይህን ገጠመኜን ለሰው ስነግር ሁሉም መጨረሻውን ቀድሞ ሊያወጣጣኝ ይሞክራል። አይሆንም። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንጀቴ እያረረ የጠበቅሁትን እናንተም ትንሽ ብትጠብቁ አትጎዱም።

ስሜ መሠረት ነው፤ ሰቆጣ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ከአባቴና ከእናቴ ጋር እኖር ነበር፣ ተማሪዎቼም ከጀርባዬ «ካልኩሌተር» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። የፈተና ወረቀት ስመልስ ስም እጠራለሁ፣ ቁጥር እናገራለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። አንዱ ይገረጣል፣ አንዷ ትፈነድቃለች፣ እኔ ቀና ብዬም አላይ። ቁጥር ራሱን ችሎ ይናገራል ብዬ አምን ነበር።

አንድ ሱስ ግን ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከዶርም ጓደኛዬ የተማርሁት ጨዋታ አለ። ሰሌዳም ስክሪንም የለውም። አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ በዚያ ዓለም ውስጥ ጦረኛ፣ ሌባ ወይም አስማተኛ ይሆናሉ። ምን ማድረግ እንደፈለጉ ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዕጣ ይወስናል። ለጨዋታው የሚሆን ልዩ ዕቃ ሰቆጣ ስለማይገኝ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የጻፍሁባቸውን ቆርኪዎች ካልሲ ውስጥ ከትቼ ነበር ዕጣ የምናወጣው። አንድ ምት ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ ለመቁጠር ደግሞ የሉዶ ዳይ ከየሱቁ ለቃቅመናል። የአስማተኞቹን ሥራ መጀመሪያ «ድግምት» እንለው ነበር። አንድ ቀን እናቴ ከጓዳ ሰምታ መጥታ ቆርኪዎቹን ከነካልሲያቸው ጠበል ረጨቻቸው። ከዚያ ወዲህ «ጥበብ» ሆነ ስሙ።

ተጫዋቾቼ ሁለት ነበሩ። ዝናሽ ሞባይል ትጠግናለች፤ በጨዋታው ውስጥ መሬትና ውኃ የምታዝ ባለ ጥበብ ናት። ምስጋናው የአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ የእሳት አስማተኛ ነው። ሲስቅ ትከሻው ቀድሞ ይስቃል። እወደው ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ እሱን ጨምሮ።

ምስጋናው አንዲት ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ የእሳት ኳስ። በዚህ ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ ስመ ጥር የሆነ ጥበብ ነው፤ አንድ ጊዜ ወርውረኸው አገር ይነድዳል ተብሎ የሚወራለት። እስከዚያ ደረጃ ለመድረስ ሦስት ወር ተጫወተ። ስምንት ዳይ ያስፈልገዋልና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን ስምንት ቀይ ዳዮች ፈልጎ በከረሜላ ቆርቆሮ አስቀመጣቸው። ማንም እንዲነካቸው አይፈቅድም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከተከዜ ገደል አንድ ዘንዶ አወጣሁባቸው። ዘንዶው መቶ ሃያ ነፍስ ነበረው፤ የሚሞተው የደረሰበት ጉዳት ተደምሮ ይህን ሲጨርስ ነው።

ምስጋናው ከወንበሩ ተነሣ። «አሁን ነው» አለ፤ «የእሳት ኳስ።»

ስምንቱን ዳይ በሁለት እጁ አቅፎ እፍ አለባቸውና ጣላቸው። እኔም እንደ ልማዴ ደመርሁ።

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ ምን?»

«ሠላሳ አንድ ጉዳት። ሰማንያ ዘጠኝ ይቀረዋል። ዝናሽ፣ ተራሽ ነው።»

ምስጋናው እንደቆመ ቀረ። ዝናሽ ጉንጯን አሻሸችና «ከሥሩ ያለውን መሬት ጭቃ አድርጌዋለሁ» አለች። ይህ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚገኝ ተራ ጥበብ ነው። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ዘንዶው እግሩ ሲዋጥ፣ ሲፍጨረጨር፣ በሆዱ እየተንሸራተተ ገደል ሲገባ፣ ጅራቱ መጨረሻ ላይ ሲያጨበጭብ፤ ተርኬ ተርኬ አልጠግብ አልሁ። ዝናሽ ከሶፋው ወደቀች።

ቀና ስል ምስጋናው ዳዮቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው እየመለሰ ነበር።

«በጭቃ ተበለጥሁ» አለ።

ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። «ሒሳቡ እኮ ትክክል ነው» አልሁት። «የስምንት ዳይ አማካይ ሃያ ስምንት ነው። አንተ እንዲያውም ከአማካይ በላይ ነው የጣልኸው።»

አየኝ። ቆርቆሮውን ዘጋና ወጣ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል። አንድ ቀን ፊት ለፊት ተገጣጥመን በጭንቅላቱ ብቻ ሰላም አለኝ፤ ያ ከስድብ ይብስ ነበር። ዝናሽ «ሂጂና ይቅርታ ጠይቂው» ስትለኝ «ሒሳቡ ልክ ነው» እላለሁ። ማታ ግን ትራሴን አቅፌ አለቅሳለሁ። አንድ ጨዋታ አበላሽቼ የምወደውን ሰው አጣሁ ማለት ነው፤ ያውም መውደዴን ሳልነግረው።

በአራተኛው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁርስ እንደበላን፣ እናቴ በመስኮት ስትመለከት አፏን ያዘች።

«ወርቁ» አለች አባቴን፤ «ተነሥ። ሽማግሌ መጥቷል።»

በር ላይ ሦስት ሰዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል። ፊተኛው አያ ኪሮስ ናቸው፤ የምስጋናው አጎት፣ ከሰቆጣ ዙሪያ። የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ቄስ ሞላ። ሦስተኛው አቶ ደሴ የሚባሉ ረጅም ሰው፣ ሲበዛ ዝምተኛ። ከሦስቱ ኋላ ደግሞ ምስጋናው፣ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የከረሜላ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ።

«ሙሽራው ራሱ ይመጣል እንዴ?» አለች እናቴ።

«ዘመን ተለውጧል» አለ አባቴ። «አንቺ ነጠላሽን አስተካክዪ።»

አባቴ ጡረታ የወጣ የግሬደር ሹፌር ነው። የሰቆጣን መንገድ ግማሹን እኔ ነኝ የጠረግሁት ይላል፣ ነገር መንገድ ላይ ሲቆምም አይወድም። ሽማግሌዎቹ በሩን ሳያልፉ በጓሮ ወጥቶ ለበዓል ያሰባትን የአበርገሌ ፍየል ጎረቤታችን እንዲያርዳት አዘዘና ተመለሰ። እናቴ እኔን እየገፋች ጓዳ አስገባችኝ፤ የራሷን ጥለት ነጠላ አለበሰችኝና መጋረጃውን ጋረደችብኝ።

ልቤ የት እንደገባ አላውቅም። ቆርቆሮውን አስብ ነበር። ቀለበት ለማስቀመጥ እኮ ይበቃል አልሁ ለራሴ። ሦስት ሳምንት የጠፋው አፍሮ ነው፤ ሽማግሌ እየለመነ ነው፤ ሸሚዝ እያስተኮሰ ነው። ብቻዬን ስስቅ ጉንጬ አመመኝ።

«ተቀመጡ እንጂ» ሲል ሰማሁት አባቴን።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አያ ኪሮስ።

«እናንተ ከመጣችሁማ ነገሩ አልቋል! ልጁን እናውቀዋለን፤ ጨዋ ነው። እናቷም ደስ ብሏታል። እኛ ለማሰቢያ ጊዜ ስጡን እያልን አናመላልሳችሁም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ ኪሮስ ለቄስ ሞላ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሏቸው፤ ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እግዜር ይስጥልኝ አቶ ወርቁ» አሉ አያ ኪሮስ፤ «እንዲህ ቶሎ የሚያምን አባት አይቼ አላውቅም። እንግዲያው ጥፋቱን ተቀብላችኋል ማለት ነው።»

«የምን ጥፋት?»

«የእሳቱን ነዋ።»

በመጋረጃው ጥግ አየሁ። አባቴ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

አያ ኪሮስ በዝርዝር አስረዱ። የወንድማቸው ልጅ ሦስት ሳምንት እህል ሲገፋ ጠይቀውት መሠረት በደለችኝ አላቸው። ሦስት ወር የደከመበትን እሳት በሰው ፊት ከንቱ አድርጋበት፣ ጭቃን አንግሣለች። ጨዋታ መሆኑንም ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን «ጨዋታ ይሁን እርሻ፣ አብረው የበሉ ሰዎች ተኮራርፈው መክረም የለባቸውም» ብለው ተነሡ። ሰው ሲያስታርቁ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ሦስት ሆነው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ተበዳዩን አስከትለው፣ ወደ ሌላኛዋ ወገን ቤት መጡ። ሴት ልጅ ያለችበት ቤት በር ላይ እንዲህ ሆኖ መቆም ምን እንደሚመስል አንዳቸውም አላሰቡትም።

እናቴ ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። አባቴ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሲመለስ ትከሻው ወርዶ ነበር።

«ፍየሏ አልፋለች» አለ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ከነጥለት ነጠላዬ። ምስጋናው ሲያየኝ መጀመሪያ ልብሴን፣ ቀጥሎ እናቴን፣ ከዚያ ሦስቱን ጋቢዎች አየ። ያኔ ነው የገባው። ቆርቆሮው በእጁ ተንሿሿ።

«በቅድሚያ አንድ ነገር» አሉ ቄስ ሞላ። «ይህ ነገር ጥንቆላ አለበት?»

«የለበትም አባ» አልሁ። «ተረት ነው። ተረቱን ግን አብረን ነው የምናወራው።»

«ተረት ከሆነ ቀጥሉ» አሉና ተቀመጡ።

ምስጋናው ተናገረ። ቀጥሎ እኔ ተናገርሁ፤ ስለ ስምንት ዳይ አማካይ፣ ስለ መቶ ሃያ ነፍስ። አያ ኪሮስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ዘንዶው እሳቱ ሲነካው ጮኸ?» አሉ በመጨረሻ።

«… አልተናገርሁም።»

«ቆዳውስ?»

«እሱንም አልተናገርሁም።»

«በዙሪያው ሣር ነበረ?»

«ነበረ።»

«ሣሩስ አልነደደም?»

ያን ጊዜ ነው ሣሩን ያሰብሁት።

«ልጄ፣ ጎረቤት ጎተራ ቢቃጠል ሰው መጀመሪያ ስንት ኩንታል ነው አይልም። ጭሱ ከየት ታየ፣ ማን ሮጠ፣ ማን ጮኸ ነው የሚለው። ቁጥሩ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። ለጭቃውስ ምን ያህል ተረክሽለት?»

«አምስት ደቂቃ» አለ ምስጋናው በቀጭን ድምፅ።

«አታቋርጥ» አሉት። ከዚያ ቄሱን አማክረው ፍርዱን ሰጡ። እሳቱ እንደገና ይጣላል፤ እኔም ሙሉውን እናገራለሁ።

ምስጋናው ቆርቆሮውን ከፈተ። እናቴ አንገቷን አስግጋ አየችና ዳይ ብቻ መሆኑን ስታረጋግጥ ተነፈሰች። ማን ይጣል ሲባል ቄስ ሞላ «እኔ ዕጣ አልጥልም» አሉ። አባቴ እጁን ዘረጋ።

«አምጡት ወዲህ» አለ፤ «ፍየሌን አጥቻለሁ፣ ቢያንስ ዘንዶ ላቃጥል።»

ማንም እንዲነካቸው የማይፈቅደው ምስጋናው ስምንቱንም ሰጠው። አባቴ ጣለ። ደመርሁ። ሃያ ሁለት።

«ሃያ ሁለት ጥሩ ነው?» አለች እናቴ።

«ከፊተኛው ያንሳል» አልሁና ዓይኔን ጨፈንሁ። ከሒሳብ በቀር በሰው ፊት የረባ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ ግን ጀመርሁ። ምስጋናው እጁን ሲዘረጋ መጀመሪያ ምንም እንዳልነበረ ተናገርሁ፤ አንዲት ፍም ብቻ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል። ፍሟ በዘንዶው አፍንጫ ሥር ስታልፍ ዘንዶው ሊያሸታት ጎንበስ እንዳለ። ከዚያ አየሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደነደደ፤ የደረቀው ሣር እስከ ገደሉ አፋፍ እልም እንዳለ፤ ድንጋዩ እንደ ፈንዲሻ እየፈነዳ እንደዘለለ። የዘንዶው ክንፍ እንደ አሮጌ ሸራ ሲበሳሳ፣ ጩኸቱ ማዶ ካለው ተራራ ላይ ሲመለስ፣ ጽጽቃ ከተማ ያሉ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው ሰማዩ ለምን ቀላ ሲሉ። ከጭሱ መካከል ደግሞ ዘንዶው ወጣ፤ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርቶ።

ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ቆሟል። እናቴ «በስመ አብ» እያለች ታማትባለች። ቄስ ሞላ ምርኩዛቸውን እንደ ጋሻ ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ሞተ?» አሉ አያ ኪሮስ።

«አልሞተም። ዘጠና ስምንት ነፍስ ይቀረዋል።»

«ይቅረው!» አሉ። «ይቅረው፤ እሱ ያየውን አይቷል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምስጋናው ትከሻው ቀድሞ ሳቀ። ሦስት ሳምንት ያላየሁት ትከሻ። ተነሥተን ይቅር ተባባልን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ቄሱ መረቁን። በመጨረሻም እንደ ደንቡ «ሌላ ቅሬታ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ ማንም መልስ አይሰጥም።

እጄን አወጣሁ።

«እኔ አለኝ አባ።»

እናቴ ነጠላዬን ጎተተችኝ፤ አልቆምሁም። ሳቁ ገና ከሆዴ ስላልወጣ ድፍረት ሆነኝ።

«ይህ ሰው ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ በቀን በብርሃን አባቴ ቤት መጥቷል። ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ፍየል ታርዷል። አሁን እንዲሁ ወጥታችሁ ስትሄዱ ጎረቤት ምን ይላል? ከለከሏቸው ይላል፤ ወይም ልጅቷን አይተው ተመለሱ ይላል። እሳቱን ክሻለሁ። እኔም ካሳዬን እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሳችሁ ትመጡና ዛሬ መጣችሁ የተባለበትን ጉዳይ ትናገራላችሁ።»

ከዚያ አያ ኪሮስ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ክሱ ክስ ነው» አሉ ቄስ ሞላ፤ «ምስጋናው፣ አንተስ ምን ትላለህ? ትወዳታለህ?»

ምስጋናው ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ጣሪያውን አይቶ፣ ወለሉን አይቶ፣

«ሠላሳ አንድ» አለ።

«አይሆንም» አሉ ቄሱ። «ቁጥር አይበቃም ብለን ፈርደናል። ምን እንደተቃጠለ ተናገር።»

ምስጋናው ተነፈሰ። «ባለፈው ሳምንት» አለ፤ «የአንድ ታካሚ ደም ወሰድሁ። ቱቦው ላይ የታካሚውን ስም ልጽፍ ብዬ ‹መሠረት› ብዬ ጻፍሁ። ልብ አላልሁትም። ነርሷ ውጤቱን ይዛ ‹መሠረት! መሠረት!› እያለች ስትጣራ የሚመልስ ጠፋ። ታካሚው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀና ብዬ መልካቸውን እንኳ አላየሁም። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው ያስታወስሁት። ስምሽን ብቻ ነው እጄ የሚያውቀው እንግዲህ።»

ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቃል ያልተነፈሱት አቶ ደሴ ቀስ ብለው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እንዴ» አሉ፤ «እኔ ነኝ እኮ።»

ሁላችንም ዞርን።

«ያ ሰውዬ እኔ ነኝ! ጭንብል አድርገህ ስለነበር አላወቅሁህም! ከጠዋት እስከ ምሳ ተጎልቼ፣ ይህች መሠረት የምትባል ልጅ ምን ዓይነት ደንቆሮ ናት፣ ስትጠራ አትሰማም እያልሁ ስፈርድባት ዋልሁ!»

«ውጤቱ የእርስዎው ነው፤ ጤነኛ ነዎት» አለ ምስጋናው፣ ሊገባበት ቀዳዳ እየፈለገ።

«ጤነኛ መሆኔን አውቃለሁ። እኔም ካሳ እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሆኜ የምናገረው እኔ ነኝ።»

አባቴ ወደ ጓሮ እየጮኸ ወጣ። ፍየሏ እንዲያው በከንቱ እንዳልሄደች ላረዳት ጎረቤት ይነግረው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ሙሽራው ቤቱ ቀረ። አቶ ደሴ የሕይወታቸውን ንግግር ሁሉ አጠራቅመው ያቆዩት ይመስል አንድ ሰዓት ተናገሩ። ዛሬ እኔና ምስጋናው ተጋብተን እሑድ እሑድ አሁንም እንጫወታለን። አባቴ ተጫዋች ነኝ አይልም፤ ዳይ ሊጥል ብቻ ነው የሚመጣው።

እናንተ ይህን ጨዋታ የምታውቁ አንባቢዎቼ፣ የእሳት ኳስ የድሮ ኃይሉ የለውም፣ ጠላትን በጥበብ ማሰርና ማስተኛት ይሻላል እያላችሁ እንደምትከራከሩ አውቃለሁ። ሒሳቡ ምናልባት ከእናንተ ጋር ነው። እኔ ግን ሃያ ሁለት ነጥብ እሳት አንድ ሙሉ ቤት ከመቀመጫው ሲያስነሣ አይቻለሁ፤ ሠላሳ አንድ ነጥብ ደግሞ ማንንም ሳያሞቅ ሲጠፋ። ጨዋታውን የማታውቁ ደግሞ፣ ለሰው ቁጥር ብቻ ነግራችሁት ያለፋችሁበት ቀን ካለ ተመለሱና የቀረውን ንገሩት። እኔ በክፍሌ ውስጥ ያንን ነው የማደርገው። በቅርቡ አንድ ልጅ ሠላሳ አንድ አመጣ፤ ያችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን ከክፍሉ እሱ ብቻ ነበር የሠራት። ቆም ብዬ ለሁሉም ነገርኋቸው። ልጁ ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ይዞ ተቀመጠ።

አቶ ደሴን በተመለከተ፣ አሁንም ድረስ ገበያ መካከል ባሌ «መሠረት!» ብሎ ሲጣራ፣ ቀድመውኝ «አቤት» የሚሉት እሳቸው ናቸው።